የአንድ ቀጠሮ ዋጋ

ሁለቱ የዋጋ ማቅረቢያዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። አንደኛው አንድ ገጽ ነው፤ ከላይ የሳሎኑ ስም፣ ከታች ጠቅላላ ዋጋው፣ መሀሉ ላይ «የአንድሮይድና የአይፎን የቀጠሮ መያዣ አፕ፣ በአንድ ወር ተጠናቆ የሚረከቡት» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ሁለተኛው ሃያ ገጽ ግድም ይሆናል፤ ዋጋውም የመጀመሪያውን ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙም ሳይርቁ የሴቶች የውበት ሳሎን የከፈቱት ወይዘሮ ሁለቱንም ደጋግመው አንብበዋቸዋል። «ለሁለቱም የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው» ይላሉ። «ደንበኛዬ እቤቷ ሆና ቀጠሮ ትያዝ፣ እዚህ መጥታ ሁለት ሰዓት ተጎልታ አትጠብቅ፤ ይኸው ነው ያልኩት። ታዲያ ትክክለኛው ዋጋ የትኛው ነው?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ክሊኒክ ያለው፣ ፎቶ ቤት ያለው፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ጂም ያለው ሁሉ ዛሬ ይህንኑ ይጠይቃል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ሲከተል ደንበኛው በስልኩ መክፈልን ለመደ። በስልኩ የሚከፍል ሰው ተራውንም በስልኩ ቢይዝ ይወዳል። ነጋዴው ያጠራቀማትን ይዞ ባለሙያ ፍለጋ ይወጣል፤ ወጣቱ ፕሮግራመር ደግሞ ሥራው እንዳያመልጠው እየሰጋ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይጎዳሉ። አንዱ ያላለቀ ሥራ ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ወር ከወር ያለ ክፍያ ሲያስተካክል ከርሞ በመጨረሻ ስልኩን ያጠፋል። ይህን ጉዳት ያየሁት ደጋግሜ ስለሆነ አጥፊ ፍለጋውን ትቼ ወደ ምንጩ መሄድ ይሻለኛል። ሁለቱ ሰዎች ዋጋ የተስማሙት የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ሁለቱም ሳያውቁት ነው።

ደብተሩ

ሦስተኛው ባለሙያ ወረቀት ይዞ አልመጣም። ቀን ለአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ይሠራል፣ ማታ የራሱን ሥራ ይሞክራል። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ እንግዳ መቀበያው አጠገብ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠና፣ «ካልከፋዎት ዋጋ ከመናገሬ በፊት የቀጠሮ ደብተሩን ልየው» አላቸው።

«ደብተሩ ምን ይሠራልሃል የኔ ልጅ? እሱን ለማስቀረት አይደል እንዴ አፑን የምፈልገው» አሉ ወይዘሮዋ። ቢሆንም ሰጡት።

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሥርዓት አላቸው፤ ሰዓት፣ የደንበኛዋ ስም፣ የሠራተኛዋ ስም። ወረድ ሲል ግን አንዱ ስም ተሰርዞ በላዩ ሌላ ተጽፎበታል። ከጠዋቱ ረድፍ ወደ ከሰዓቱ ረድፍ ቀስት ይወርዳል። አንዳንድ ስሞች አጠገብ ትንሽ ኮከብ አለች። አንድ ቦታ ስም የለም፣ «የሙሽራዋ እህት» ብቻ ይላል።

ወጣቱ ከኮከቧ ጀመረ። ቀጠሮ የምትይዘው ልጅ አስረዳችው፤ ኮከብ ያለባት የቆየች ደንበኛ ናት፣ ብታረፍድም ተራዋ አያልፍም። ቀጥሎ ጣቱን ሌላ ስም ላይ አሳረፈ። ለአንዲት ሴት ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ተጽፈዋል፤ ሁለት ተኩል ይልና አጠገቡ በቀጭኑ ሦስት ይላል። «እሷ ግማሽ ሰዓት ሳታረፍድ መጥታ አታውቅም» አለች ልጅቷ። «ሁለት ተኩል ነው ብዬ እነግራታለሁ፣ ወንበሩን ግን ለሦስት ሰዓት ነው የምይዝላት።» ወይዘሮዋ ይህንን የሰሙት ገና ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወደ ካስኩ፣ ወደ ጸጉር ማድረቂያው መጡ። ሳሎኑ አምስት ሠራተኞችና ሦስት ካስኮች አሉት። ሹሩባ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ሠሪዋም እስኪያልቅ አትላወስም። ታጥባ፣ ቢጉዲ ተጠቅልሎላት ካስክ የምትገባው ደንበኛ ግን አንድ ሰዓት ያህል ከካስኩ ጋር እንጂ ከሠራተኛዋ ጋር አይደለችም፤ በዚያ ሰዓት ሠራተኛዋ ሌላ ደንበኛ ማጠብ ትችላለች። ልጅቷ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ነው የምታሰላው። የሠራተኞቹን ሰዓት ብቻ የሚቆጥር አፕ አምስት ሴቶችን በአንድ ጊዜ ይቀጥርና ከአንድ ሰዓት በኋላ አምስቱም ሦስት ካስክ ፊት ይሰለፋሉ።

ባለአንድ ገጹ ዋጋ ካስኩን አላየውም። ባለሃያ ገጹ «የግብዓት አስተዳደር» በሚል ርእስ ሥር አስገብቶታል፤ ኮከቧንና አርፋጇን ደንበኛ ግን እሱም አያውቃቸውም። በእኔ እምነት የዋጋው ልዩነት ግማሹ እዚህ አለ። አንደኛው ያልጠየቀውን ነገር በዋጋው ውስጥ አላስገባም። ሁለተኛው ያልጠየቀው ነገር እንዳለ ስለሚጠረጥር ለጥርጣሬው ገንዘብ ጨመረበት።

አንድ ወንበር፣ ሁለት ሰው

ቀጠሮን በኮምፒውተር መያዝ የተጀመረው ከአውሮፕላን ወንበር ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ መጀመሪያ የበረራዎቹን ካርዶች በሚሽከረከር ክብ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ፣ ሠራተኞች ዙሪያውን ተቀምጠው ካርዱን እየሳቡ ወንበር ይይዙ ነበር። ተሳፋሪ ሲበዛ መደርደሪያው ዙሪያ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1953 የአየር መንገዱ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ እና ብሌር ስሚዝ የሚባል የአይቢኤም የሽያጭ ሠራተኛ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ በሚበር አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከጨዋታቸው «ሴበር» የተባለው ሥርዓት ተጠነሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶበት ነበር።

ሴበር ሊፈታው የተነሳው ችግር የቦሌው ሳሎንም ችግር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ሹሩባ ሠሪ ብቻ ክፍት ናት እንበል። ሁለት ደንበኞች፣ አንዷ ሲኤምሲ አንዷ ሳሪስ፣ በአንድ ቅጽበት «ያዝ» የሚለውን ይጫናሉ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ተቀብሎ ሰዓቱ ክፍት መሆኑን ያያል። መዝግቦ ሳይጨርስ የሁለተኛዋ ጥያቄ ይደርሳል፤ ሰዓቱ አሁንም ክፍት ይመስላል። ሁለቱም «ተይዞልሻል» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። በጥንቃቄ የተሠራ ሥርዓት ይህን ፍርድ ለስልኩ አይተውም፤ ሠራተኛዋን፣ ወንበሩንና ሰዓቱን ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ሕግ ዳታቤዙ ውስጥ ያስቀምጣል። ሁለተኛዋ ያን ጊዜ «ይቅርታ፣ አሁን ተያዘ፤ አራት ሰዓት ይሻልሻል?» ትባላለች። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ሕጉን በጥቂት መስመር ይጽፈዋል። የማያውቀው ችግሩን የሚያገኘው ሳሎኑ ጢም ባለበት ቀን ነው፤ ለብቻው ስልክ ይዞ ሲሞክር ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይጫንምና።

አንድ ሰዓት ለሁለት ሰው የሚሰጥበት ሌላ መንገድም አለ። ደንበኛዋ ስልክ ትደውላለች፤ ልጅቷ እንደለመደችው ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። አፑ ያንን አያይም። ስለዚህ አፕ የገባበት ቤት ደብተሩን መዝጋት አለበት፤ ወይም በስልክ የተያዘው ሁሉ ወዲያውኑ ታብሌቱ ላይ መግባት አለበት። መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግም መወሰን አለበት። ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ራይድ መኪና የሚጠራበት አፕ እያለው 8294 የሚል አጭር የስልክ ቁጥርም ይዞ ነው ያደገው። ደዋዩና አፕ ተጠቃሚው አንድ ቋት ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ራሱን የቻለ ወጪም አለው።

ሦስት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ከውጭ ተገዝቶ የሚገጠም የቀጠሮ ሶፍትዌር ሞልቷል። በወር ጥቂት ዶላር የሚያስከፍል አለ፣ በነጻ የሚሰጥም አለ። ብዙ ነጋዴ «እሱን ለምን አንጠቀምም?» ይላል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለአንዳንዱም ይበቃዋል። ለሳሎኑ ግን ገና ሰዓቱ ላይ ይሰናከላል። የእኛ ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል የሶፍትዌሩ ሰዓት ዘጠኝ ይላል። ደንበኛዋ በራሷ አቆጣጠር 3:00 የሚለውን ትጫናለች፤ ሶፍትዌሩ ሌሊት ወይም ከሰዓት ብሎ ይመዘግብላታል። ቀኑም እንደዚያው ነው። ጥር 20 ብላ የምታስብ ሙሽራ ጃንዋሪ ስንት እንደሚውል ለማወቅ ሌላ ካላንደር መክፈት የለባትም፤ ጳጉሜንም የማያውቅ ካላንደር ዓመቱ ሲዞር ይሳሳታል።

መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። ብራውዘሮች የሚረዱት ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ቀኑን ለመጻፍ ያህል ያውቀዋል። ቀን የሚመረጥባቸው ተዘጋጅተው የሚገኙ ሰሌዳዎች ግን በአብዛኛው በፈረንጅ ወር የተሠሩ ስለሆኑ እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ደግሞ ስድስት መጨመርና መቀነስ ብቻ አይደለም። በጥር የምታገባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የምትኖር ልጅ ለራሷና ለሚዜዎቿ ከዚያው ሆና ቀጠሮ ትይዛለች። በክረምታቸው ሜሪላንድ ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ በበጋቸው 7 ይሆናል። እኛ ሰዓት አንለውጥም፣ እነሱ ይለውጣሉ። ስልኳ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት በራሷ አገር ሰዓት ቢያሳያት ከሌሊቱ አንድ ሰዓት የሚል ቀጠሮ ታያለች። ስለዚህ አፑ ሁልጊዜ የሳሎኑን ሰዓት ማሳየት፣ አጠገቡም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብሎ በቃል መጻፍ አለበት። ወጣቱ ይህንን ሲያስረዳ ወይዘሮዋ በረጅሙ ተነፈሱ፤ የውጭ አገር ሙሽሮች የጥር ገበያቸው ትልቁ ክፍል ናቸው።

ቀብድ

ቀጥሎ ያነሱት ገንዘብን ነው። ሰው ቀጥሮ ሲቀር ሳሎኑ የሚያጣው የዚያችን ደንበኛ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ «ቦታ የለም» ተብላ የተመለሰችውንም ጭምር ነው። ስለዚህ ወይዘሮዋ አፑ ቀብድ እንዲቀበል ይፈልጋሉ።

ቀብድ መቀበል ቀላል ይመስላል፤ ከአፑ ሥራ ሁሉ ግን እጅግ አድካሚው እሱ ነው። ደንበኛዋ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ፣ ወይም ቻፓንና አሪፍፔይን በመሰሉ ብዙ ባንኮችን በአንድ በር በሚያገናኙ ድርጅቶች በኩል ልትከፍል ትችላለች። እነሱ ጋ ለመግባት የንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የባንክ ሒሳብ፣ ውልና የሙከራ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የአገልግሎት ክፍያም ከእያንዳንዱ ዝውውር ይቆረጣል። ጭንቀቱ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ ከደንበኛዋ ሒሳብ ወጥቶ፣ በኔትወርክ ምክንያት ማረጋገጫው ለሳሎኑ ሳይደርስ ቢቀር ሰዓቱ ተይዟል ወይስ አልተያዘም? እስኪጣራ ድረስ ለስንት ደቂቃ ይጠበቅላታል? የከፈለችው ደንበኛ ከአንድ ቀን በፊት ብትሰርዝ ገንዘቧ ይመለሳል? ሠራተኛዋ ታማ ብትቀርስ?

ወይዘሮዋ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አልነበራቸውም። ወጣቱም መልስ ሊሰጥላቸው አልፈለገም፤ ይህ የሳሎኑ ሕግ እንጂ የኮድ ጉዳይ አይደለም አላቸው። ይልቅ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ ከነገ ጀምሮ አፕ ሳይኖር፣ በዚሁ ደብተር፣ በሳሎኑ የቴሌብር ቁጥር ቀብድ መቀበል ቢጀምሩስ? ለሹሩባ ብቻ። ከአንድ ቀን በፊት ለሰረዘች ይመለስላታል፣ ለቀረች አይመለስም፤ ኮከብ ያላቸው ይታለፋሉ ወይስ አይታለፉም የሚለውን እሳቸው ይወስኑ። በስልኳ የከፈለችበትን ምስል ብትልክም ልጅቷ ምስሉን ሳይሆን የራሳቸውን ሒሳብ አይታ ታረጋግጥ፤ ምስል በቀላሉ ይሠራልና።

እኔ ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት ይህን ምክር ነው። አፕ ከሚሰጠው ጥቅም ትልቁን ክፍል ያለ አፕ ሞክሮ ማየት ይቻላል፤ ሕጉ በወረቀት ላይ ካልሠራ ስልክ ላይ አይሠራም። ደግሞም በደብተር ሁለት ወር የተሞከረ ሕግ ፕሮግራመሩ ጋ ሲደርስ ስለ እሱ የሚቀር ጥያቄ የለም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ከሌለ ለጥርጣሬ የሚጨመርም ገንዘብ የለም።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የሶፍትዌር ዋጋ በአመዛኙ የሰው ጊዜ ዋጋ ነው። መንገዱን ለማሳየት ያህል የሚከተሉትን ቁጥሮች እኔ ገምቼ ልውሰድ፤ አንባቢ በራሱ ገበያ ዋጋ ይተካቸው። ሁለት ፕሮግራመሮች ለ3 ወር፣ አንድ ዲዛይነር ለ1 ወር፣ አንድ ሞካሪ ለ1 ወር ቢሠሩ 8 የሰው ወር ነው። አማካይ ደመወዙ 50,000 ብር ቢሆን 400,000 ብር ይመጣል። ለቢሮ፣ ለግብር፣ ለሥራ አመራርና ለትርፍ ግማሹ ሲጨመር 600,000 ይሆናል፤ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 690,000 ብር። ቫቱ ዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው። ብዙ ጠብ ከእሱ ይጀምራል።

ታዲያ ባለአንድ ገጹ ባለሙያ በአንድ ወር፣ በአንድ ስምንተኛው ዋጋ እሠራዋለሁ ሲል ዋሽቷል ማለት ነው? አይደለም። የአይቢኤም ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ መሪ የነበረው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» በተባለ መጽሐፉ ልዩነቱን አስልቶታል። አንድ ሰው ለራሱ የሚሠራውን ፕሮግራም ማንም ሊጠቀምበት የሚችል፣ የተፈተሸና መመሪያ ያለው ምርት ማድረግ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ያስወጣል። ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር ተያይዞ እንዲሠራ ማድረግ ሌላ ሦስት እጥፍ ነው። ሁለቱም ሲገጥሙ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ባለአንድ ገጹ ባለሙያ በአንድ ወር እሠራዋለሁ ያለው በራሱ ላፕቶፕ ላይ የሚሄደውን ነው፤ እሱን በእርግጥ ይሠራዋል። ከቴሌብር ጋር የሚነጋገር፣ ደዋይዋንና አፕ ተጠቃሚዋን አንድ ቦታ የሚያገናኝ፣ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሳይንተፋተፍ የሚከፈት ነገር ግን ሌላ ሥራ ነው። ባለሙያውን በአንድ ወር ዋጋ አስረን የዘጠኝ ወር ሥራ ስንጠብቅበት እሱንም ራሳችንንም እንበድላለን።

ወጪው በርክክብ ቀን አያበቃም። በሶፍትዌር ሥራ የተለመደው ግምት በየዓመቱ ከመነሻው ዋጋ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለጥገና ይያዛል የሚል ነው። ምክንያቱ ተጨባጭ ነው። ጉግል በፕሌይ ስቶር ያሉ አፖች ከአዲሱ አንድሮይድ ጋር እንዲራመዱ በየዓመቱ መስፈርቱን ከፍ ያደርጋል፤ አፕል አካውንት የሚያስከፍት አፕ ሁሉ አካውንቱን እዚያው የሚያጠፉበት መንገድ እንዲኖረው እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ አስገድዷል። ያልተነካ አፕ ቆሞ አይጠብቅም፣ ያረጃል።

የዶላሩም ነገር አለ። ጉግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል ዘንድ በየዓመቱ 99 ዶላር ይከፈላል። ሰርቨርም በአብዛኛው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር ከነበረበት 57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የአፕል የዓመት ክፍያ በ57 ብር ሲመነዘር 5,643 ብር ነበር፤ በ130 ሲመነዘር 12,870 ይሆናል። ለትንሽ ሳሎን ገንዘቡ ራሱ ብዙ ላይከብድ ይችላል፤ ከባዱ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘትና ሳይቋረጥ ማቆየቱ ነው። አንድ ወር ያልተከፈለ ሰርቨር ቀጠሮውን ሁሉ ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

አሁን በሌላ ወገን ያለውን እንይ። ሳሎኑ በሳምንት አምስት የሹሩባ ቀጠሮ ሰው ሳይመጣ ይቀርበታል፣ አንዱ 1,500 ብር ነው እንበል። በዓመት 50 የሥራ ሳምንት 375,000 ብር ነው። ቀብዱና አስታዋሹ መልእክት ግማሹን ቢያድን 187,500 ብር ይተርፋል። ለጥገናና ለሰርቨር በዓመት 100,000 ሲወጣ 87,500 ይቀራል፤ በዚህ ሒሳብ 690,000 ብሩን ለመመለስ ስምንት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ስምንት ዓመት የሚቆይ አፕ ጥቂት ነው።

ወጣቱ ይህንኑ ሒሳብ ሲያሳያቸው ወይዘሮዋ ካልኩሌተሩን አስቀምጠው «እና አታሠሪ ነው የምትለኝ?» አሉት።

«አይደለም» አለ ወጣቱ። «ደንበኞችዎ አሁን በምን ነው የሚጽፉልዎት?» መልሱን ልጅቷ ሰጠችው፤ በቴሌግራም።

ቴሌግራም ውስጥ በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ማለትም ቦት፣ መክፈት በነጻ ነው። ደንበኛዋ አዲስ አፕ አታወርድም፤ በስልኳ ያለውን ቴሌግራም ትከፍታለች፣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትመርጣለች፣ ክፍት ሰዓቶች ይመጡላታል። ማስታወሻው በዚያው ስለሚላክ የኤስኤምኤስ ወጪ የለም። የአፕል ክፍያም፣ የጉግልም ቅድመ ሁኔታ የለም፤ ጉግል አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው አፑን ከመልቀቁ በፊት በ12 ሰዎች ለ14 ቀን ያለማቋረጥ እንዲያስሞክር ይጠይቃል። ወጣቱ ለሹሩባ ብቻ የሚሆነውን፣ ካስኩን የማይነካውን ቦት አንድ ሰው በአንድ ወር ተኩል ይጨርሰዋል አለ። በቅድሙ ስሌት 75,000 ብር ደመወዝ፣ ግማሽ ሲጨመር 112,500፣ ከነቫቱ 129,375 ብር። የዓመት ጥገናው 22,500 ቢሆን፣ ያው 187,500 ከዳነ ገንዘቡ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል። ካስኩን የመሰለው ውስብስብ ነገር ልጅቷ እጅ ላይ ይቆያል፤ እሷ ለሱ ከማንኛውም ሶፍትዌር ትሻላለች።

ይህ መልስ ለሁሉም አይሆንም። ሁሉም ደንበኛ ቴሌግራም የለውም። የታካሚን ስምና ሕመም የሚመዘግብ ክሊኒክ መረጃውን የት እንደሚያኖር፣ ማን እንደሚያየው አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በርካታ ቅርንጫፎች ያሉት፣ በቀን መቶዎችን የሚያስተናግድ ድርጅት ደግሞ የራሱ አፕ ቢኖረው ያዋጣዋል።

አፑ የማን ነው?

ባሕር ዳር ጣና ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ ሰው የነገሩኝ የዚህን ሁሉ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ቡኪንግ ዶት ኮም ከሚያመጣላቸው እንግዳ ላይ 15 በመቶ ገደማ ኮሚሽን ይወስድባቸዋል። ይህን ለማስቀረት የራሳቸውን አፕ አሠሩ። አፑ በጥሩ ሁኔታ ተሠራ፤ አዲስ እንግዳ ግን አላመጣም፤ ከናይሮቢ ወይም ከሮም የሚመጣ ሰው የማያውቀውን የአንድ ማረፊያ አፕ ፈልጎ አያወርድምና። ኮሚሽኑ ለካ ክፍሉን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ለመታወቅም የሚከፈል ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የሠራላቸው ልጅ ውጭ አገር ሥራ አገኘና ሄደ። አፑ የተመዘገበው በልጁ የግል የጉግል አካውንት ነበር፤ የድረ ገጹ አድራሻ በእሱ ኢሜይል፣ ሰርቨሩ በእሱ ካርድ የሚከፈል። ተንኮል አልነበረበትም፤ ያን ጊዜ በዶላር የሚከፍል ካርድ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ካርዱ ሲዘጋ ሰርቨሩ ተዘጋ፤ የእንግዶቹ ስልክና የቀጠሯቸው ቀናት አብረው ሄዱ። ሰውየው አሁን ወደ ደብተራቸው ተመልሰዋል፤ የሚያሳዝነው ግን መመለሳቸው ሳይሆን ሁለት ዓመት የተሰበሰበው የደንበኛ ዝርዝር መጥፋቱ ነው። ማረፊያቸው ላይ ያን ዓመት ከደረሰው ጉዳት ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር።

የቦሌዋ ወይዘሮ ይህን ታሪክ ሰምተው ለቦቱ ከወጣቱ ጋር በተዋዋሉት ውል ላይ ያስገቡት ነገር አለ። የቦቱ ባለቤትነት በሳሎኑ ስልክ ቁጥር ይሆናል፤ ኮዱ በሳሎኑ ስም በተከፈተ አካውንት ይቀመጣል፤ የደንበኞቹ ዝርዝር በየሳምንቱ ኤክሴል ሆኖ ለልጅቷ ይላካል። ወጣቱ የሚጠገን ነገር ሲኖር በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ከውሉ ውጭ የሆነ አዲስ ሥራ ሲጠየቅ በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል ተጽፏል፤ ይህኛውን ያስገባው እሱ ነው፤ ከዚህ በፊት «ትንሽ ነገር ብቻ» በሚል ብዙ ሳምንታት በነጻ ሠርቷል። ክፍያው በሦስት ተከፍሏል፤ የመጀመሪያው ሥራ ሲጀመር፣ ሁለተኛው ቦቱ አሥር ደንበኞችን በትክክል ከቀጠረ በኋላ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሁለት ወር ያለ ችግር ከሠራ በኋላ። ቀብዱን ግን ቦቱን ሳይጠብቁ በቀጣዩ ሰኞ በደብተሩ ጀመሩት፤ ኮከብ ያላቸውም እንዲከፍሉ ተወሰነ።